መስተዋቱና የመታጠቢያው ሰን

አንባቢ ሆይ፥ በእጅህ የያዝኸውን ይህን ወርኃዊ ጽሑፍ «መጽሔት» ብለን ስንጠራው የቃሉን ነገር ብዙ ጊዜ አናስብም። በግእዝ መጽሔት ማለት መስተዋት ነው። ይህን ስም ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ የመረጡ ሰዎች፥ አንባቢ ገጹን ገልጦ የራሱን ፊት የሚያይበት ነገር እንዲሆን ተመኝተው ይመስለኛል። ስሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ የሚያስጨንቅ ጥያቄ አለበት። መስተዋት ያሳያል እንጂ አያጥብም። በፊቱ ላይ ጥላሸት ያለበት ሰው ቀኑን ሙሉ ከመስተዋት ፊት ቢቆም፥ ጥላሸቱን ዐውቆት ይሄዳል እንጂ ነጽቶ አይሄድም። እንግዲህ ሰውን ለራሱ ማሳየት ብቻውን በጎ ሥራ ነውን? የሚያስተምር፥ የሚመክር፥ ንስሐ የሚቀበል ሰው ማሳየቱ ይበቃዋልን? ይህን ጥያቄ ብዙ ዘመን ስሸሸው ኖሬ ነበር። መልሶ ያገኘኝ ግን በመጻሕፍት መካከል ሳይሆን በአሜሪካ አገር፥ በቺካጎ ከተማ፥ ከአንድ የብረት ሐውልት ሥር ነው።

በዚያች ከተማ ከሚሺጋን ሐይቅ አጠገብ ሚሌኒየም ፓርክ የሚባል የሕዝብ መናፈሻ አለ። በመናፈሻው አደባባይ ላይ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፥ እንደ መስተዋት የተወለወለ ትልቅ ቅርጽ ተቀምጧል። ስሙ «ክላውድ ጌት» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «የደመና በር» ማለት ነው። የሠራው አኒሽ ካፑር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ የተወለደ፥ ኑሮውን በለንደን ያደረገ ሰው ነው። የሐውልቱ ቁመት 10 ሜትር፥ ርዝመቱ 20 ሜትር፥ ወርዱ 13 ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱም 100 ቶን ይጠጋል። ሠሪው ሐሳቡን ያገኘው ከባዜቃ፥ ማለት ዛሬ ሜርኩሪ ከሚባለው ፈሳሽ ብረት ነው። ባዜቃ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ድብልብል ብሎ፥ እያንጸባረቀ እንደሚቀመጥ፥ ይህም እንደዚያ ያለ አንድ ትልቅ ጠብታ ይመስላል። የከተማው ሕዝብ ግን ስለ ባዜቃም ስለ ደመናም ሳይጨነቅ «ባቄላው» ብሎ ጠራው። ሠሪው በመጀመሪያ ይህን ቅጽል ስም አልወደደውም ነበር ይባላል። እኔ ግን ሕዝቡን አልነቅፈውም። ሰው የወደደውን ነገር በሚበላው ነገር ስም ይጠራልና፥ ባቄላ መባልም ክብር እንጂ ውርደት አይደለም።

የሥራው ነገር ሊነገር የሚገባው ነው። ሐውልቱ አንድ ወጥ ሆኖ ይታይ እንጂ ከ168 የብረት ሰሌዳዎች የተገጠመ ነው። ሰሌዳዎቹ በካሊፎርኒያ ግዛት በኦክላንድ ከተማ እየተቀረጹ ከተዘጋጁ በኋላ በመኪና ተጭነው ወደ ቺካጎ መጡ፤ በዚያም በቦታው ላይ ተበየዱ። መናፈሻው በ1996 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004፥ በተከፈተ ጊዜ ሥራው ገና ስላላለቀ ሕዝቡ ሐውልቱን ከነስፌቱ አየው። የመገጣጠሚያው መስመር በላዩ ላይ እንደ መረብ ይታይ ነበር። ከዚህ በኋላ እንደ ገና በድንኳን ሸፍነውት፥ ሠራተኞች ብየዳውን በአምስት ደረጃ፥ መጀመሪያ ሸካራውን በመሞረድ፥ ኋላም እያለሰለሱና እየወለወሉ፥ አንድም ስፌት እስከማይገኝ ድረስ ደከሙበት። ተፈጽሞ የተመረቀው በ1998 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ሜይ 15 ቀን ነው። የወጣበት ገንዘብ 23 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ ይህንን ስሰማ ስለ ድኾች አስቤ በልቤ አጉረመረምሁ። ወዲያው ግን በቢታንያ ስለ ሽቱው ያጉረመረመው ማን እንደ ነበረ ትዝ ብሎኝ ዝም አልሁ።

«በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ ስለ መናፈሻ ጌጥ መጻፍ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ከብረት የተወለወለ መስተዋት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጥንት ዘመን ሰው ፊቱን ያይ የነበረው በናስና በብር እንጂ እንደ ዛሬው በብርጭቆ አልነበረም። ሐዋርያው ጳውሎስ አሁን የምናውቀው በመስተዋት እንደማየት ያለ ድንግዝግዝ ዕውቀት መሆኑን የጻፈላቸው የቆሮንቶስ ሰዎች የናስ ሥራቸው በዓለም የታወቀ ነበር፤ ስለዚህ ምን ማለቱ እንደ ሆነ በቤታቸው ካለው ዕቃ ያውቁት ነበር። በመጽሐፈ ኢዮብም ኤልዩስ ኢዮብን ሲጠይቀው ሰማይን ቀልጦ እንደ ፈሰሰ ብርቱ መስተዋት አድርጎ ይናገራል። እኔም ያን ብረት ሳየው መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ነው። በኤልዩስ አፍ ሰማይ የቀለጠ መስተዋት ይመስላል፤ በቺካጎ የቀለጠው መስተዋት ሰማይን ይመስላል።

ወደዚያ የሄድሁት ለአገልግሎት ተጠርቼ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ምእመን ከሰባት ዓመት ልጁ ጋር ከተማውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ወደ አደባባዩ ስንቀርብ ሐውልቱ ከሩቅ ሲታይ ያለ አይመስልም ነበር፤ ደመናው በላዩ ይሄዳልና፥ ከሰማዩ የተቆረሰ ቁራጭ መሬት ላይ የተቀመጠ ይመስላል። የውጭ ገጹ ወደ ውጭ ያበጠ ስለ ሆነ ሦስት አራተኛው የሚያሳየው ሰማይን ነው። ከበታቹ በጠባብ ስፍራ የከተማው ረጃጅም ፎቆች ሁሉ ተሰብስበው ይታያሉ፤ ከእነርሱም በታች በመጨረሻው ጠርዝ ላይ ሰው ይታያል፥ እንደ ጉንዳን አንሶ። ሲቀርቡት ያድጋል፤ ሲርቁት ይጠፋል። ጠዋት ወርቅ የመሰለው ማታ እርሳስ ይመስላል ብለው ነገሩኝ፤ እኔ በቆየሁበት ጥቂት ሰዓት እንኳ ፀሐይ በደመና ስትጋረድ መልኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲለወጥ አይቻለሁ። በራሱ መልክ ግን የለውም። ስለ ቀለሙ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ስለ ቀኑና ስለ ሰዓቱ ካልነገሩት በቀር የሚመልሱለት ነገር የለም።

ከመካከሉ 3 ሜትር ከ70 የሚሆን ከፍታ ያለው ቅስት አለ፤ ሰው በእርሱ ሥር ያልፋል። በቅስቱ ውስጥ ወደ ላይ የገባው ጎድጓዳ ኦምፋሎስ ይባላል፤ በጽርዕ ቋንቋ እምብርት ማለት ነው። ገጹ በዚያ ወደ ውስጥ የገባ ስለ ሆነ ምስሉን ያበዛዋል፤ አንዱ ሰው ሦስት አራት ሆኖ፥ አንዱ ተዘቅዝቆ፥ አንዱ ተለጥጦ፥ አንዱ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ልጁ ከሥሩ ገብቶ አንጋጦ እጁን ቢያነሣ ብዙ እጆች ተነሡ። መጀመሪያ ሣቀ፤ ኋላ ግን ጥቂት ፈራና ወደ እኔ ዞሮ፥ «አባ፥ እኔ የትኛው ነኝ?» አለኝ። አባቱ ሣቀ። እኔ መልስ አጣሁ። «ላይ ያሉትን ተዋቸው፤ ታች የቆምኸው ነህ» ብዬ እጁን ያዝሁት።

የልጁ ጥያቄ ለእኔ ደግሞ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ወደ ሐውልቱ በቀረብሁ ጊዜ፥ ሰማይና ደመና፥ ትልቅ ከተማና ከየአገሩ የመጣ ብዙ ሕዝብ በፊቴ ተዘርግቶ ሳለ፥ ዓይኔ ከሁሉ አስቀድሞ የፈለገውና ያገኘው ነጩን ጥምጥሜን ነበር። እዚያ የቆመውም ሰው ሁሉ እንደ እኔ ነበር። ሐውልቱን ሊያዩ ከሩቅ አገር መጥተው ራሳቸውን አይተው ይመለሳሉ፤ ሥዕላቸውንም አንሥተው ይሄዳሉ። ሠሪው ገጹን ለሰማይ ሲያወርሰው ለሰው ያስቀረለት ጠርዙን ብቻ ነው፤ ሰው ግን ሦስቱን እጅ ሰማይ ትቶ በጠርዙ ላይ ያለውን ራሱን ያያል። በዚህ ሐውልቱን መውቀስ አይገባም።

ይልቁንም በእርሱ ዘንድ የሚመሰገን ነገር አለ። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ብፁዓን በጻፈው ትርጓሜው፥ ልባቸው ንጹሕ የሆኑትን ሲተረጉም፥ ብረት ዝገቱ በሞረድ ሲፋቅለት ከፀሐይ የተቀበለውን ብርሃን መልሶ እንዲሰጥ፥ የሰውም ልብ ርኩሰቱ ሲወገድለት አምላኩን የመሰለበትን መልክ መልሶ ያገኛል ይላል። ታላቁ አባታችን አትናቴዎስም ነፍስ ንጽሕናዋን ስትጠብቅ የአብን አርአያ፥ ቃልን፥ እንደ መስተዋት በራስዋ ውስጥ ታያለች ብሎ ጽፏል። በአባቶች ዘንድ እንግዲህ መስተዋት መሆን የነፍስ ክብር ነው። ብርሃኑ የራስዋ አይደለም፤ የራስዋ ያልሆነውን ግን ትቀበላለች፥ ተቀብላም ትሰጣለች። የሐውልቱ ሠራተኞችም ያን ሁሉ ጊዜ በድንኳን ውስጥ የደከሙት የድካማቸው ምልክት እንዳይታይ ነው። ሌላ ሠራተኛ የሚደክመው ሥራው እንዲታይለት ነው፤ እነዚህ ግን ሥራቸውን የጨረሱት ሥራቸው በጠፋ ጊዜ ነው። ይህን ሳስብ በየገዳማቱ ስማቸውን ሳይጽፉ ብራናውን ፍቀው፥ ቀለሙን በጥብጠው፥ መጽሐፉን ጽፈው ያለፉት አባቶቼ ትዝ አሉኝ፤ እነርሱም ስፌታቸውን ደብቀዋል።

ነገር ግን መወልወል አንድ፥ መቅናት ሌላ ነው። የቺካጎው መስተዋት ከወለወሉት ሁሉ ይልቅ የተወለወለ ነው፤ ሆኖም ቀጥ ብለው የቆሙት ፎቆች በእርሱ ሲታዩ ይጎብጣሉ፥ ሰፊው መንገድ ይጠባል፥ የቀረበው አለመጠን ይገዝፋል። ይህ የሚሆነው ቆሻሻ ስላለበት ሳይሆን ቅርጹ ክብ ስለ ሆነ ነው። ሐውልት ነውና ሠሪው ዐውቆና ወድዶ ያደረገው ነው፤ ሰውም ደስ ብሎት ያየዋል። በመምህር ላይ ሲሆን ግን አያስደስትም። ንግግሩ የተስተካከለ፥ ድምፁ ያማረ፥ ቅኔው የሞላ፥ ከአፉ አንድ ሸካራ ቃል የማይወጣ መምህር አይተናል፤ ልቡ የጎበጠ ከሆነ ቅን የሆነውም ነገር በእርሱ ሲያልፍ ጎብጦ ይታያል። ሰሚውም ወልዋላነቱን አይቶ ቅንነት ያለው ይመስለዋል።

ከዚህም የሚበልጥ አስፈሪ ነገር አለ። መስተዋት ሁሉን ይቀበላል፤ ምንም አያስቀርም። ደስ ያለው ቢቆምበት ደስታን፥ ያዘነ ቢቆምበት ኀዘንን ያሳያል፤ ሁለቱም ሲሄዱ ከሁለቱ አንዱን እንኳ አያስታውስም። ይኸው ጎርጎርዮስ በሌላ ስፍራ የሰው ባሕርይ እንደ መስተዋት ወደ ዞረበት ነገር መልኩ እንደሚለወጥ ይናገራል። እንግዲህ የነፍስ ክብሯ ወደ ማን እንደ ዞረች ነው። የደመናው በር ወደ ሰማይ እንዲያይ ተደርጎ ተሠራ፤ ወደ መሬት አጎንብሶ ቢሠራ ኖሮ ያው ብረት፥ ያው ውልወላ ሆኖ የሚያሳየው የሰውን ጫማ ብቻ በሆነ ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ያለዚህ የጻፍሁት ሁሉ የሌላ ሰው ነውር መቁጠር ይሆንብኛል።

ከብዙ ዓመት በፊት ሁለት ወንድማማቾች የንስሐ ልጆቼ ነበሩ። በአባታቸው ቤት ተጣሉ። ታላቁ አባቱን በደዌው ዘመን የጦረ ስለ ሆነ ቤቱን ጠቅልሎ ያዘ፤ ታናሹ ድርሻውን ጠየቀ፥ ሲከለከልም በአደባባይ ወንድሙን ሰደበው፥ ያላደረገውንም አደረገ ብሎ አማው። ታላቁ ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱን አየሁ፤ ምን መስማት እንደሚወድ ዐወቅሁ። «አባትህን የጦርኸው አንተ ነህ፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አልሁት። ተጽናንቶ ሄደ። ታናሹ መጣ፤ ፊቱን አየሁ። «ልጅነት እኩል ነው፤ የአባት ቤት ለአንዱ ብቻ አይሆንም» አልሁት። እርሱም ተጽናንቶ ሄደ። ሁለቱም ቃል እውነት ነበር፤ ያታለለኝም ይህ ነው። ለታላቁ ድርሻውን ስጥ ማለት፥ ለታናሹ ስለ ስም ማጥፋትህ ተንበርክከህ ይቅርታ ለምን ማለት ይገባኝ ነበር። የታላቁን እውነት ለታናሹ፥ የታናሹን እውነት ለታላቁ መንገር ሲገባኝ፥ ለእያንዳንዱ የራሱን መልሼ ሰጠሁት። ሰዎች «አባታችን እንዴት ያለ ልብ የሚያውቅ ሰው ነው» ይሉኝ ነበር። እኔም ይህን ምስጋና እወደው ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ሁለቱን በፊቴ ሰበሰቧቸው። ታላቁ «አባታችን እንዲህ ብለውኛል» አለ፤ ታናሹም «እኔንም እንዲህ ብለውኛል» አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ተመለከቱ። ታላቁ ወንድም በቍጣ ሳይሆን በኀዘን፥ «አባታችን፥ ለእኔ እኔን መሰሉ፤ ለእርሱ እርሱን መሰሉ» አለኝ። ጉባኤው ያለ ዕርቅ ተበተነ። ታናሹ በሦስተኛው ዓመት ታመመና ሞተ። ጸሎተ ፍትሐቱን ያደረስሁት እኔ ነኝ፤ ታላቁ ከቅጽሩ ደጅ ላይ ቆሞ አለቀሰ እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም።

ሐዋርያው ጳውሎስስ ከሁሉ ጋር ሁሉን መስሎ የለምን? የሚለኝ ቢኖር፥ ይህንን መልስ እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ሰጥቼው ነበር። ጳውሎስ ግን ሁሉን የመሰለው ሊያድናቸው ነው፤ መስሎም ባለበት አልተወው፥ ይዞት ሄደ። ሊቀ ሐዋርያት ጴጥሮስ እንኳ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ ከኢየሩሳሌም የመጡት ሲደርሱ ባፈገፈገ ጊዜ፥ ፊት ለፊት የተቃወመው ይኸው ጳውሎስ ነው። መስተዋት ማንንም ፊት ለፊት አይቃወምም። ከእኔ የጎደለው ይህ ነበር።

ኦሪት ዘጸአት በ38ኛው ምዕራፍ የሚነግረን አንድ አጭር ነገር አለ፤ ባስልኤል የመታጠቢያውን ሰንና መቀመጫውን የሠራው በድንኳኑ ደጅ ያገለግሉ ከነበሩት ሴቶች መስተዋት ነው። ይህን ክፍል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ አሳልፈው ነበር። ሴቶቹ ከግብፅ ይዘውት የወጡት፥ ፊታቸውን ያዩበት የነበረው የተወለወለ ናስ ለእግዚአብሔር ተሰጠ፤ ቀለጠ፤ ካህናት ወደ መሠዊያ ከመቅረባቸው በፊት እጅና እግራቸውን የሚታጠቡበት ሰን ሆነ። መምህራን ሰኑን የጥምቀት ምሳሌ ያደርጉታል፤ አንድም የንስሐ ነው፤ አንድም ካህኑ ራሱ ነው ብንል ከምሥጢሩ የምንወጣ አይመስለኝም። ናሱ ያው ናስ ነው። ትናንት ያሳይ የነበረው ዛሬ ያጥባል፤ ለመታጠቢያነት ግን መቅለጥ ነበረበት።

ደግሞም ሰኑ ውኃ ሲሞላ ውኃው ራሱ ፊት ያሳያል። ካህኑ ጎንበስ ሲል መልኩን በውኃው ላይ ያየዋል፤ ማሳየት ከሰኑ አልተወገደም። ነገር ግን እጁን ባገባ ጊዜ ምስሉ ይሰበራል። ምስሉ ካልተሰበረ እጁ አይነጻም፤ ውኃውን እንዳይበጠብጥ ፈርቶ መልኩን እያየ የሚቆም ሰው ሳይታጠብ ይመሻል። እኔ በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል ውኃውን ለመበጥበጥ ፈርቼ ነበር። በእኔ ላይ ያዩትን ደግ ፊት መስበር አልወደድሁም፤ የእነርሱ ፊት ብቻ ሳይሆን የእኔም ፊት በዚያ ውኃ ላይ ነበረና። የሐዋርያው ያዕቆብ መልእክት ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ሰው ፊቱን በመስተዋት አይቶ መልኩን ከሚረሳ ሰው ጋር ሲያመሳስለው፥ ዘወትር የምንወቅሰው ሰሚውን ነው። መስተዋቱን ማን ጠየቀው?

በቅዳሴያችን ካህኑ እጁን ታጥቦ ውኃውን ወደ ሕዝቡ ሲያራግፍና ሳይገባው የሚቀርበውን ሲያስጠነቅቅ፥ እኔ ይህን ሥርዓት ስፈጽም ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ከቺካጎ ከተመለስሁ ወዲህ ግን ውኃው ከጣቴ ሲንጠባጠብ ያ ታላቅ ወንድም ከሕዝቡ መካከል የት እንደ ቆመ ዓይኔ ይፈልገዋል።

ስለ ሐውልቱ ያልነገርሁት አንድ ነገር ቀርቷል። በውስጡ ባዶ ነው፤ ቆዳውን የሚሸከም የብረት አጥንት ከውስጥ አለው፥ እርሱን ማንም አያየውም። የቺካጎ ብርድና ሙቀት እጅግ የተራራቀ ስለ ሆነ ብረቱ ሲሰፋና ሲጠብ እንዳይጎዳ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው ላላ ባለ ማያያዣ ነው። ላዩን ዝናምና በረዶ ያጥበዋል፤ ከታች ግን ሰው እጁ እስከሚደርስበት ድረስ፥ ማለት እስከ 1 ሜትር ከ80 ያህል፥ የጣት አሻራና የትንፋሽ እድፍ ያለማቋረጥ ይያዝበታል። ስለዚህ ያን ታችኛውን ክፍል በየቀኑ ሁለት ጊዜ በእጅ ይወለውሉታል። ልጁ ሁለት መዳፉን ብረቱ ላይ ለጥፎ አሻራውን እያየ ሲደሰት አባቱ ሊከለክለው ቃጣ፤ እኔ «ተወው፥ ይወለውሉታል» አልሁት። ለሰው የቀረበ ነገር ሁሉ ያድፋል፤ እንዳያድፍ ከሰው አርቆ ማቆም ግን አልታሰበም፥ መወልወያ ተመደበለት እንጂ።

ወደ አገሬ በተመለስሁ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ታላቁ ወንድም ቤት ሄድሁ። ታናሹ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር በኪራይ ቤት ይኖራሉ። በሩን የከፈተልኝ እርሱ ራሱ ነው። እንደ ልማዱ መስቀሌን ተሳልሞ ቀና አለና፥ «አባታችን፥ ዛሬ ማንን መስለው መጡ?» አለኝ።

ተቀምጬ የዚያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ የነበረውን ነገርሁት። የቤቱ እኩሌታ የወንድሙ ልጆች እንደ ሆነ፥ እኔም ይህን እያወቅሁ ፊቱን ፈርቼ እንደ ደበቅሁት፥ ለወንድሙም ስድቡን እንዳልገሠጽሁ፥ በሁለቱም ፊት በደለኛ እንደ ሆንሁ ነገርሁት። ይቅር በለኝ አልሁት። ፊቱ ጠቈረ። ሊያስወጣኝ መስሎኝ በትረ መስቀሌን ያዝሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ልጁን ጠራት፤ የእጅ ውኃ እንድታመጣም አዘዛት።